የድረሱልን ጥሪ በአፋርኛ

ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ የአራት አገሮች የአደጋ ጊዜ ግንኙነት ልምምድ ይካሄዳል። “እየሰመጥኩ ነው” ብሎ የመጣራቱ ዕጣ ለአንዲት ትንሽ የኢትዮጵያ መርከብ ደረሰ። የሬዲዮ ሠራተኛዋ ድሮም መተወን ነፍሷ ነውና ደስታዋ ልክ አጣ። በእንግሊዝኛ “ልምምድ ነው” ብላ ከጀመረች በኋላ ግለቱ ወሰዳትና፣ አፏን በፈታችበት በአፋርኛ “ኧረ የሰው ያለህ! ውሃው አንገታችን ደረሰ!” እያለች አቀለጠችው። ካፒቴኑ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከየአገሩ ጣቢያም ምላሹ በሽሚያ ጎረፈ።

ለልምምዱ የተመደቡት የጥበቃ ጀልባዎች ሳይደርሱ ግን አንዲት የእንጨት ጀልባ ማዕበሉን እየዘለለች ከተፍ አለች። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅና ባለቤታቸው ነበሩ፤ ጩኸቷን በሬዲዮናቸው ሰምተው፣ መረባቸውን ቆርጠው ጥለው መምጣታቸው ነው። አሮጊቷ ደረቅ ብርድ ልብስ ታቅፈዋል።

“ልጄ፣ ውሃ የገባው ማነው? የታል?” አሉ ሽማግሌው በአፋርኛ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው።

የሬዲዮ ሠራተኛዋ አንዴ ብርድ ልብሱን፣ አንዴ የአሮጊቷን ዓይን አየች። ጫማዋን አወለቀችና፣

“እኔ ነኝ፣ አባ!” ብላ ከነዩኒፎርሟ ባሕሩ ውስጥ ዘለለች።