በጸሎት የተጠበቀ ቢትኮይን

ጌድዮን አሥራ ሁለቱን የእንግሊዝኛ ቃላት አንድም ሳያዛንፍ በቃሉ ይወጣቸዋል። ድምፁን እንደ ስብከት ከፍ ዝቅ እያደረገ ሲጨርስ ከኋላ አንዷ ሴት ሳይታወቃት «አሜን» ትላለች።

ቢሊሴ በጣቷ ስትቆጥር አሥራ ሁለቱም ሙሉ ናቸው። ቅድም እሷም እዚሁ አቮካዶው ዛፍ ሥር፣ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆማ እነዚያኑ ቃላት በቃሏ ወጥታቸዋለች። ቃላቱን ያወቀ ሰው ቢትኮይኗን ከየትም ሆኖ በገዛ ስልኩ መውሰድ ይችላል። መቱ ከተማ ተቀምጣ ለውጭ ድርጅት ዲዛይን እየሠራች ያጠራቀመችው በሙሉ እዚያ ነበር። አሁን ባዶ ነው።

«እንግዲህ ሁለታችሁም ታውቁታላችሁ» ይላሉ ሽማግሌው ጋሽ ነገራ። «ከብት ቢሆን ምልክት አለው። መሬት ቢሆን ወሰንተኛ ይመሰክራል። ይሄንን በምን እንለየው?»

«ማን እንደከፈለኝ ስልኬ ላይ አሳየኋችሁ እኮ!» ትላለች ቢሊሴ።

«ስልክ ያልሆነውንም ያሳያል።»

«እሺ፣ ቃላቱን ከማን እንደሰማ ጠይቁት።»

ጌድዮን ፈገግ ይላል። «እትዬ ዋሪቱ ራሳቸው አይደሉ ጸሎት ላይ የተናገሩት?»

የቢሊሴ እናት ዋሪቱ ነጠላዋን ወደ አፏ ትስባለች። «ድንገት ብሞት» ብላ ቃላቱን ያስጠናቻት ቢሊሴ ናት፤ እናቷ ፊደል ባትቆጥርም የሰማችውን አትረሳም። የቤት ለቤት ጸሎቱ መሪ ጌድዮን ደግሞ «ያላችሁን በስሙ እየጠራችሁ ከሌባ አስጠብቁ» ይላል። ጎረቤቱ ላሙን፣ የቡና ማሳውን፣ ባጃጁን ጠራ። እናቷ ቃላቱን ጠራች።

«እንዳይሰረቅብሽ ብዬ ነው፣ ልጄ።»

«አዎ፣ ጥሩ አድርጎ ጠበቀልኝ!»

ጎረቤቶቹ ከተቀመጡበት አግዳሚ የታፈነ ሳቅ ይሰማል።

«ጌታ ፊት የቀረበ ስጦታ ነው» ይላል ጌድዮን፣ ሳይቆጣ። «ቢሆንም ለሰላም ስል ግማሹን እመልሳለሁ።»

«የሰረቅከኝን ነው የምትመጸውተኝ? አንተ ሌባ!»

«ተይ ልጄ፣ ኢንተላ ኮ» ይላሉ ጋሽ ነገራ። «ከምንም ግማሽ ይሻላል።»

ቢሊሴ ልትሄድ ስትነሳ እናቷ ቀሚሷን ጨምድዳ ትይዛለች።

«ተቀበዪው» ትላለች በሹክሹክታ። «አንቺ ነገ ትሄጃለሽ። እኔ የምኖረው ከእነሱ ጋር ነው። የሚቀብሩኝም እነሱ ናቸው።»

ቢሊሴ ተመልሳ እናቷ አጠገብ ትቀመጣለች።

«እሺ» ትላለች።

«ተመስገን! በል ጌድዮን፣ በጸሎት አሳርገን» ይላሉ ጋሽ ነገራ።

ሁሉም ተነስቶ ያጎነብሳል። ዐይኗን ያልጨፈነች ቢሊሴ ብቻ ናት። ጌድዮን ሰፊ መዳፉን እናቷ ራስ ላይ ጭኖ ይጸልያል። እናቷ ዐይኗን ጥርቅም አድርጋ ጨፍናለች፤ ከንፈሯ እንደ ልማዷ ያላትን በስሙ እየጠራ ሳያቋርጥ ይንቀሳቀሳል። ጌድዮን ቀስ በቀስ ድምፁን ዝቅ ያደርግና ጆሮውን ወደ አፏ ያስጠጋል።