ይሄን ፍራሽ አልሰፋም

ከአንዲት ልጅ ፍራሽ ውስጥ የተቋጠረውን ጥጥ ስፈለቅቅ ጣቴ ብረት ነካ። ሳብ ባደርገው ሽጉጥ! ኧረ ጉድ! ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ፍራሽ ሳድስ መርፌም፣ ቀለበትም፣ ሰው ሠራሽ ጥርስም አግኝቻለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ግን ገጥሞኝ አያውቅም።

የቤቱ እመቤት ከወጥ ቤት ብቅ ስትል ፊቷ አመድ መሰለ።

"እትዬ፣ በእናትዎ መልሰው ይስፉት። የባለቤቴ ነው። እርስዎ ሳይመጡ ያወጣዋል ብዬ ነበር። ቁም ሳጥኑን ልጃችን ስለምትበረብረው ነው እዚያ የደበቀው።"

"ልጅ የሚተኛበት ፍራሽ ውስጥ?"

"ስፌቱን እኮ አጥብቆታል።"

አጥብቆታል! ጎኑን ቀዶ በጥቁር ክር እንደ ጆንያ አፍ ጥልፍልፍ አድርጎ ነው የተወው። አፈሙዙን ወደ ግድግዳ አዙሬ መሬት ላይ አስቀመጥኩትና ከፊቱ ተገተርኩ። ንዴቱ አንገቴ ድረስ ደርሷል።

ባልየው ለምሳ ሲገባ ነገሩ ወዲያው ገባው።

"አንቺ ሴትዮ፣ የተጠራሽው ልትሰፊ ነው። ስፊ!"

"አልሰፋም።"

"ሌላ ሰፊ የጠፋ መሰለሽ?"

"ጥራ! በዚህ ሠፈር ፍራሽ የምንሰፋው ሦስት ነን፤ ሁለቱ እህቶቼ ናቸው። ማናችንም አንነካልህም።"

"ቤቴን የምጠብቅበት ነው! ደግሞ ባዶ ነው፤ ጥይት የሚሞላበትን ካርታ ካወጣሁት ቆይቷል። ልጄም መኖሩን አታውቅም።"

የስድስት ዓመቷ ልጅ በሩ ጋ ቆማ ስትሰማ ነበር።

"አውቃለሁ! ያ የሚጎረብጠኝ አይደል? ስተኛ እጄን በቀዳዳው ከትቼ ወደዚያ እገፋዋለሁ።"

ሰውየው ሊስቅ ሞከረ። "ባዶ ነው አልኳችሁ" ብሎ ሽጉጡን ሲያነሳ ልጅቷን ጎትቼ ከኋላዬ አደረግኳት። አፈሙዙን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ የሽጉጡን የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ሳበው። አንዲት ጥይት ተፈናጥራ ጥጡ ላይ ወደቀች። ካርታውን ሲያወጣ አንዷ ሽጉጡ ውስጥ ቀርታ ኖሯል።

ሚስትየው ከአልጋው ሥር የብረት ሳጥኗን ጎተተች። የሰርግ ልብሷን እንዳለ መሬት ላይ ዘረገፈችው።

"እዚህ ክተተው። ጥይቱ ሌላ ቦታ ይቆለፋል። ቁልፎቹም እኔ ጋ ይሆናሉ።"

"እኔ እኮ ለእናንተው ብዬ..."

"ክተተው አልኩህ!"

አጎንብሶ ከተተው። እሷ ሳጥኑን ቆለፈችና መዳፏን ዘርግታ ከፊቱ ቆመች። ጥይቷን ከጥጡ ላይ ሊያነሳ ሲል ሁለት ጊዜ ከጣቱ አመለጠችው።