ጠንካራው ሞላ

«ይሄኛው ሾክ አብዞርበርና ሞላ የእሽቅድምድም ነው» አለ መካኒኩ ሙክታር። «ለከተማ መንገድ ለስላሳውን ውሰድ። ጠንካራውን ከገጠምክ ጠጠር በረገጥክ ቁጥር ወገብ ይቆርጣል።»

«ጠንካራውን ግጠምልኝ» አለ ባለመኪናው።

«ወገብስ?»

«የሚቆረጠው የእኔ አይደለም።»

ሁለት ሰው ብቻ የምትይዘውን ቀይ የስፖርት መኪና የገዛው ቅዳሜ ቅዳሜ ለብቻው ሊፈነጭባት ነበር። አማቱ እማማ ትርንጎ ግን ሁለተኛው ወንበር በልካቸው የተሰፋ መሰላቸው። በየሳምንቱ ለወገባቸው ጠበል እንዲያደርሳቸው አዘዙ፤ ሚስቱም አጸደቀች። አማቱን እምቢ የሚል ወንድ በዚህ አገር ገና ስላልተወለደ፣ እምቢታውን ሞላው እንዲናገርለት ፈለገ።

ቅዳሜ ጠዋት እንደ ደግ አማች በሩን ከፍቶ አስገባቸው። ከዚያ አስፋልት እያለ በኮብልስቶኑ ነዳ። ጉድጓድ ካመለጠው እየተመለሰ ገባበት። እማማ ትርንጎ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ምርኩዛቸውን አቅፈው ተንገጫገጩ። እሱም «ከእንግዲህ በእግራቸው ይሄዳሉ» እያለ በልቡ ፎከረ።

ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሲቆም አሮጊቷ ራሳቸው ከፍተው ወረዱ። ቀጥ ብለው ቆሙና ወገባቸውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዞሩት።

«ተፈታልኝ እኮ ልጄ። ስንት ዓመት አልንቀሳቀስ ያለኝ ወገብ። በል፣ ከነገ ጀምሮ በየቀኑ ታመላልሰኛለህ።»

ሰበብ ሊፈጥር አፉን ከፈተ። ከመሪው ሥር ወጥቶ ሊያስረዳቸው ሞከረ፤ ወገቡ ግን አልታዘዝ አለው።

እማማ ትርንጎ በእሱ በኩል ዞረው በሩን ከፈቱለትና ምርኩዛቸውን አቀበሉት።