በርዷል

የጀማ ቁልቁለት አጋማሽ ላይ የአውቶቡሱ ፍሬን ጤሰ። ሹፌሩ ገሠሠ ባለንብረቱን እየረገመ ቆመ፤ ባለቀ የፍሬን ሸራ ሕዝብ የሚያስጭን አረመኔ! ረዳቱ ፍሬአብ ጀሪካን ይዞ ወደ ምንጩ ሮጠ።

«ጎማውን ክርስትና ልታነሡት ነው?» አሉ እማማ ወለተኪዳን። ተሳፋሪው ሳቀ። ገሠሠ አልሳቀም፤ ፍሬኑ ሳይበርድ ቢነሣ ማንም እንደማይተርፍ ያውቃል።

ወዲያው ውሃ በጋለ ብረት ላይ ቸስ ሲል ሰማ። ላሜራው እንደ ወትሮው ሁለቴ ተመታ።

«በርዷል ጋሼ፣ ልቀቀው!» አለ የፍሬአብ ድምፅ።

ገሠሠ የእጅ ፍሬኑን ለቀቀ። አውቶቡሱ ተንደረደረ።

በስፖኪዮው ፍሬአብ ገና ከምንጩ ሲወጣ ታየው፤ የሞላ ጀሪካኑን ጥሎ «ጋሼ፣ ማን ንዳ አለህ?» እያለ ይጮሃል።

ፔዳሉን ረገጠ፤ እግሩ ወለል ነካ።

«በርዷል ጋሼ» አለው ያው ድምፅ፣ ከጆሮው ሥር።