የዘር ሰጪዋ ስም

«ሰርዘው» እለዋለሁ።

ላቀው ከእስክሪብቶው ቀና ብሎ ያየኛል። ከአዲስ አበባ የመጣ ተመራማሪ ነው፤ ከመካነ ሰላም ከተማ በእግሩ የወጣው ጥቁር ገብሳችንን ፍለጋ ነው። በቅጹ ላይ በዘር ሰጪ ቦታ የባሌን የአምባቸውን ስም ጽፏል።

«አባወራው እኮ እሳቸው ናቸው፣ እትዬ ብዙዬ።»

«አባወራነቱን ማን ነካበት? ገብሱ ግን የእናቴ ነው። ወለተ ማርያም በል።»

አምባቸው ከጎኔ ይስቃል። «እሺ በላት ልጄ፤ ካላልህ እዚሁ ማደርህ ነው።»

ላቀው ይሰርዛል። ከዚያ ረጋ ብሎ ያስረዳኛል። እህሉ ለዘርነት አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ክፍል ይቀመጣል። ስለ እህሉ የተጻፈው ግን፣ ማን እንደሰጠው፣ የት እንደሚበቅል፣ መቼ እንደሚዘራ፣ ለሁሉም ክፍት ነው። ማንም ከየትም አገር ሆኖ በነጻ ይወስደዋል፣ ይሠራበታል፣ ለሌላም ያቀብላል። ግዴታው ከማን እንዳገኘው መናገር ብቻ ነው።

«አንዴ ከወጣ አይመለስም» ይላል። «ስህተት ቢኖረውም እንዳለ ነው እየተገለበጠ የሚሄደው።»

ይሄማ የእኛው ወግ ነው። በመንደራችን ዘር የጠየቀ አይከለከልም፤ ብቻ ሲዘራ የመጀመሪያውን እፍኝ የሚበትነው የሰጠውን ሰው ስም ጠርቶ ነው።

አምባቸው ሳቁን ያቆማል። «እናትሽ ሲዘሩ የማንን ስም ነበር የሚጠሩት?»

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ዘራችን ተበልቶ ሲያልቅ ለእናቴ ገብሱን የሰጠቻት ጎረቤታችን በዛች ናት። በመሬት ሽግሽጉ ቀበሌው ከማሳችን ቆርሶ ለእሷ ከሰጠ ወዲህ ግን ሰላምታም የለን። እናቴ ስትዘራ በዛችን ትጠራ ነበር፤ እኔ ስዘራ እናቴን ብቻ ነው የምጠራው።

«ታዲያ ወለተ ማርያም ብዬ ልጨርሰው?» ይላል ላቀው።

ቢለው ማን ያውቃል። በዛች ፊደል አትለይም። ግን ያ ስም ከማላውቀው ሰው ወደማላውቀው ሰው ሲሻገር ይታየኛል፤ አንዳቸውንም ሄጄ ማረም አልችልም።

«በዛች በል። ለእናቴ ዘሩን የሰጠቻት ጎረቤታችን ናት።»

«ስማቸው ለሁሉም የሚታይ ስለሆነ እሳቸውን ማስፈቀድ አለብኝ። ቤታቸው ሩቅ ነው?»

«እኔ ልውሰደው» ይላል አምባቸው ቀስ ብሎ።

«አንተ ተቀመጥ።»

ነጠላዬን አጣፍቼ ቁልቁል እወርዳለሁ፤ ላቀው ይከተለኛል። ከበዛች ደጅ እደርሳለሁ። ከውስጥ የእጅ ወፍጮ ድምፅ ይሰማል።

«እት በዛች» እላለሁ፣ ከሽግሽጉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ወፍጮው ቀጥ ይላል።