አትንካው የተባለው ቁልፍ

ወደ በርቱዋ ከተማ ሆስፒታል በሚወስደው ቀይ የጭቃ መንገድ መሀል የዶኮ አዲስ ፒካፕ ተቀረቀረ። ዶኮ ነዳጅ በረገጠ ቁጥር ጎማው ትንሽ ይንሸራተትና ሞተሩ ራሱን ያፍን ነበር። ከኋላ ካሶኒው ላይ ምጥ የጠናባት ሚስቱ በእናቷ እቅፍ ታቃስታለች።

«አንተ ሹፌር፣ የመንሸራተት መከላከያውን አጥፋው እንጂ! ጎማው እንደ ልቡ ካልዞረ ጭቃ አይለቅህም!» አለ መኪናውን ሊገፉ ከተሰበሰቡት መንደርተኞች አንዱ።

«አልነካውም! የመኪናው ሻጭ ‹ነፍስ አዳኝ ነው፣ አትንካው› ብሎኛል። አንተ ዝም ብለህ ግፋ!»

ሦስቴ ገፉ፤ ሦስቴ ታፈነ። የሚስቱ ማቃሰት ጸጥ ሲል ዶኮ ደንግጦ የማጥፊያውን ቁልፍ ተጫነው። ጎማዎቹ አበዱ፤ መኪናው ገፊዎቹን ጭቃ አልብሶ ተስፈንጥሮ ወጣ። ሰው ጨፈረ። ዶኮም ነዳጁን እስከ ጥግ ረገጠው።

አማቱ በሻሿ የልጇን ፊት ሸፍና የኋላ መስታወቱን በቀስታ አንኳኳች።

«ቀስ በል፣ የኔ ልጅ። ከእንግዲህ አያስቸኩልም።»