ሳብ ለቀቅ

ፈረንጆቹ የዱር ዳክዬ ይበላሉ፤ እኛ አድነን እንሸጥላቸዋለን። የእንጨት ዳክዬዎቹን የቀረጽኳቸው እኔ ነኝ፤ ያስተማረኝ የለም። የታሰሩበትን ሲባጎ ሳብ ለቀቅ ሳደርገው ውሃው ላይ እየተወዛወዙ ይንቦጫረቃሉ። የዱሩ ዳክዬ ዘመዶቹን ያገኘ መስሎት ይወርዳል፤ ወንድሜ ጃራ ይተኩሳል።

ያን ጧት ተፍኪ ረግረግ ላይ ጉም ወርዶ ነበር። ጃራ ከባላባቱ በተዋሰው ጠብመንጃ አንዷን ጣለና ሊያነሳት ተነሳ። በስተቀኝ ያለው ጭቃ በሬ የሚውጥ ነው።

«መሳቡን አላቋርጥም፤ የዳክዬዎቹን ድምፅ ተከትለህ ተመለስ» አልኩት።

«እኔንም ዳክዬ አደረግሽኝ?»

«ዳክዬስ ካንተ ይሻላል፤ ዋና ይችላል።»

እየሳቀ ጉሙ ውስጥ ገባ። እኔም ሳብ ለቀቅ ማድረጌን ቀጠልኩ። ጥቂት ቆይቶ የእግሩን ድምፅ ከበስተቀኝ ሰማሁት።

«ጃራ! ወዴት ነው? ኮቱ፣ ወደዚህ ና!»

«ወዳንቺ ነዋ! አየሁሽ እኮ። እጅሽን ማውለብለቡን ተይው።»

ሁለቱም እጆቼ ሲባጎው ላይ ነበሩ።

ጉሙ ትንሽ ገለጥ አለ። ጃራ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ ውሃው ደረቱ ላይ ደርሶ፣ ወደፊት ይሄዳል። ከፊቱ፣ በሬ በሚውጠው ጭቃ ላይ፣ እንደኔ ቀይ ሻሽ ያሰረች ሴት ቆማለች። ክንዷ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሲባጎ የታሰረበት ይመስል።

ስሙን ጠርቼ ጮህኩ።

«መጣሁ አልኩሽ እኮ፣ ምን ያስጮህሻል!» አላት።